ኪሎ ሜትር ጊዜን ሲተካ፦ በጎንደርና በላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀትና የበረራ ጊዜ

መግቢያ

በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የአየር ርቀት ማወቅ ዛሬ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይወስድም። የሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ከታወቀ ቀሪው የሒሳብ ቀመር ነው። በዚህ ምክንያት የሕክምና አገልግሎት ተደራሽነትን፣ የቱሪዝም ፍሰትን ወይም የገበያ ትስስርን የሚመረምሩ ጥናቶች ቀጥታ ርቀትን በጉዞ ጊዜ ምትክ ሲጠቀሙበት ይታያል። ከአሠራሩ በስተጀርባ ያለው ግምት ርቀትና ጊዜ እኩል እያደጉ ይሄዳሉ የሚል ነው፤ ርቀቱ በእጥፍ ቢጨምር ጊዜውም በእጥፍ ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል።

ይህ ግምት ለረጅም በረራዎች ከእውነታው ብዙም አይርቅም። በትንንሽ የክልል አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ለሚደረግ አጭር በረራ ግን አይሠራም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው በጎንደር የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያና በላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው መስመር ነው። ሁለቱም በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው መልክዓ ምድር ርቀትና ጊዜ እንዴት እንደሚለያዩ በግልጽ ያሳያል።

ጽሑፉ በመጀመሪያ ቀጥታ ርቀቱ እንዴት እንደሚሰላ ያብራራል። ቀጥሎ የበረራው ጊዜ ከምን ከምን እንደተዋቀረ ይተነትናል። በመጨረሻም ተጓዡ በእርግጥ የሚያጠፋውን ጊዜ የሚወስኑትን የመሬት ጉዞ፣ የመስመር አወቃቀርና የበረራ ድግግሞሽ ይመለከታል።

ቀጥታ ርቀቱ እንዴት ይሰላል?

በሉላዊ ገጽ ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ የታላቁ ክብ ቅስት ይባላል። ይህም በሁለቱ ነጥቦችና በምድር ማዕከል በኩል የሚያልፍ ጠለል የምድርን ገጽ ሲቆርጥ የሚፈጠረው መስመር ነው። በአቪዬሽን ውስጥ ርቀት በባሕራዊ ማይል የሚለካውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። አንድ ባሕራዊ ማይል 1,852 ሜትር ሲሆን፣ ይህም በምድር ማዕከል ላይ የሚፈጠር የአንድ የማዕዘን ደቂቃ ቅስት ያህል ነው። ስለዚህ በኬክሮስ 1 ዲግሪ ወደ ሰሜን መጓዝ 60 ባሕራዊ ማይል ያህል መጓዝ ማለት ነው።

የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በ12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ37 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ይገኛል። የላሊበላው ደግሞ በ11 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ሰሜንና በ38 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ምሥራቅ አካባቢ ነው። የኬክሮስ ልዩነታቸው 33 ደቂቃ ስለሆነ፣ ላሊበላ ከጎንደር 33 ባሕራዊ ማይል ያህል ወደ ደቡብ ዝቅ ትላለች። የኬንትሮስ ልዩነታቸው 93 ደቂቃ ነው። ይሁን እንጂ የኬንትሮስ መስመሮች ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ በሄዱ ቁጥር ስለሚቀራረቡ፣ ይህ ቁጥር በአማካዩ ኬክሮስ ኮሳይን መባዛት አለበት። አማካዩ ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከሩብ ገደማ፣ ኮሳይኑም 0.977 ስለሆነ፣ የምሥራቅና ምዕራብ ርቀቱ 90.9 ባሕራዊ ማይል ይሆናል። ሁለቱ ርቀቶች የአንድ ቀጤ ነክ ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ተደርገው በፓይታጎረስ ሕግ ሲሰሉ ውጤቱ 96.7 ባሕራዊ ማይል ወይም 179 ኪሎ ሜትር ነው።

የምድርን ጠመዝማዛ ገጽ እንደ ጠፍጣፋ ቆጥሮ ማስላት ተገቢ ነውን? በዚህ ርቀት መልሱ አዎን ነው። በ179 ኪሎ ሜትር ቅስትና ከሥሩ በምድር ውስጥ በሚያልፈው ቀጥታ መስመር መካከል ያለው የርዝመት ልዩነት 6 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ምድር ፍጹም ሉል አለመሆኗ የሚያመጣው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል፤ እሱም ቢሆን በዚህ መስመር ላይ ከ1 ኪሎ ሜትር አይዘልም። አውሮፕላኑ ከባሕር ጠለል በላይ 6 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ መብረሩም ርቀቱን በ170 ሜትር ገደማ ብቻ ያራዝመዋል። እንግዲህ የርቀቱ ስሌት አስተማማኝ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ይህን ቁጥር ወደ ጊዜ ለመለወጥ ሲሞከር ነው።

በመኪና መንገድና በአየር መስመር መካከል ያለው ልዩነት

ከጎንደር ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄድ ተጓዥ በመጀመሪያ ፊቱን ወደ ላሊበላ አያዞርም። በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ደቡብ ወርዶ ወረታ ከደረሰ በኋላ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ጋሸና ይደርሳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሰሜን ታጥፎ ላሊበላ ይገባል። ጉዞው በጠቅላላው 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህም ከቀጥታው ርቀት ሁለት እጥፍ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ መልክዓ ምድሩ ነው። ቀጥታው መስመር የበለሳን ቆላማ ምድርና ወደ ተከዜ የሚፈስሱ ወንዞች የቆራረጡትን ሸለቆ ያቋርጣል። መንገዱ ግን ሸለቆውን ሸሽቶ የጉናን ተራራ ተጠግቶ በከፍተኛው ጀርባ ላይ ይሄዳል። የመንገድ ርቀት ለቀጥታ ርቀት ያለው ምጣኔ በብዙ የተደራሽነት ጥናቶች 1.3 ወይም 1.4 ገደማ ተደርጎ ይወሰዳል። በዚህ መስመር ምጣኔው 2 ነው። ከሌላ አገር የተወሰደ ምጣኔን በሰሜን ኢትዮጵያ ላይ የሚያውል ጥናት የመኪናውን ጉዞ በሲሶ ያህል አሳጥሮ ያስቀምጣል ማለት ነው።

የበረራው ጊዜ አካላት

በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚጠቀምበት ዳሽ 8-400 በተርባይን ሞተር የሚዞሩ ሁለት ባለስድስት ክንፍ ፕሮፔለሮች ያሉት አውሮፕላን ነው። ከፍተኛው የአግድም በረራ ፍጥነቱ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ለጥንቃቄ በሰዓት 630 ኪሎ ሜትር ቢወሰድ፣ 179 ኪሎ ሜትርን ለማቋረጥ 17 ደቂቃ ይበቃል። ርቀትን በፍጥነት የሚያካፍል ቀላል ስሌት የሚሰጠው መልስ ይህ ነው።

ነገር ግን አውሮፕላኑ በዚህ ፍጥነት የሚበረው የተወሰነውን የመንገዱን ክፍል ብቻ ነው። ለማሳያ ያህል የሚከተሉት ግምቶች ይወሰዱ። አውሮፕላኑ ከ2,000 ሜትር ተነሥቶ እስከ 5,800 ሜትር ይወጣል፤ ይህም 19,000 ጫማ ሲሆን፣ ወደ ምሥራቅ አቅጣጫ የሚበሩ አውሮፕላኖች ኢ-ተጋማሽ የሆኑ የሺህ ጫማ ከፍታዎችን እንዲይዙ ከሚያዘው ደንብ ጋር ይስማማል። በደቂቃ 460 ሜትር ያህል ይወጣል፣ በዚያው ልክም ይወርዳል። ሲወጣ በአማካይ በሰዓት 445 ኪሎ ሜትር፣ ሲወርድ ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በመሬት ላይ ለሚያደርገው እንቅስቃሴና ለማረፍ ለሚያደርገው ዝግጅት ለትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጥን ጊዜ ይሰጠዋል። በእነዚህ ግምቶች መሠረት በረራው እንደሚከተለው ይከፋፈላል።

ሠንጠረዥ 1፦ የጎንደር–ላሊበላ በረራ ግምታዊ አካላት

| የበረራው ክፍል | ደቂቃ | የሚሸፈን ርቀት (ኪሎ ሜትር) |
|---|---|---|
| ከመቆሚያ ተነሥቶ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ | 5.0 | – |
| መንደርደር፣ መነሣትና አቅጣጫ መያዝ | 2.0 | – |
| መውጣት | 8.3 | 62 |
| አግድም በረራ | 4.6 | 48 |
| መውረድ | 8.3 | 69 |
| ከማኮብኮቢያው ጋር መስተካከልና ማረፍ | 5.0 | – |
| ከማኮብኮቢያው እስከ መቆሚያ | 3.0 | – |
| ድምር | 36.2 | 179 |

ከሠንጠረዡ ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ ከመቆሚያ እስከ መቆሚያ ያለው ጊዜ 36 ደቂቃ ነው፤ ይህም ቀላሉ ስሌት ከሰጠው 17 ደቂቃ ከእጥፍ በላይ ነው። ሁለተኛ፣ አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ አግድም የሚበረው ከጠቅላላው ጊዜ አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ርቀቱ ለጠቅላላው ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ከዚህም አንድ ጠቃሚ ውጤት ይከተላል። በዚህ መስመር ላይ የአግድም በረራ ፍጥነቱ በ20 በመቶ የሚበልጥ አውሮፕላን ቢመደብ የሚቆጥበው ጊዜ 46 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በመሬት ላይ የሚጠፋውን 8 ደቂቃ በሲሶ መቀነስ ግን ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ይቆጥባል። በአጭር መስመር ላይ ፈጣን አውሮፕላን ከማሰማራት ይልቅ ማኮብኮቢያውንና የአውሮፕላን መቆሚያውን በአግባቡ ማቀናጀት የበለጠ ጊዜ ያተርፋል ማለት ነው።

ከላይ የተቀመጡት ግምቶች ለተመራማሪ በሚመች አንድ ቀላል ቀመር ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የበረራውን ጊዜ በደቂቃ ለማግኘት ርቀቱ በኪሎ ሜትር ለ10.5 ይካፈላል፤ በውጤቱም ላይ 19 ይደመራል። አሥር ነጥብ አምስቱ አውሮፕላኑ በአንድ ደቂቃ አግድም የሚበረው ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ አሥራ ዘጠኙ ደግሞ መንገዱ ቢረዝምም ቢያጥርም የማይቀረው ቋሚ ጊዜ ነው። በዚህ ቀመር መሠረት 332 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአዲስ አበባ–ላሊበላ በረራ 51 ደቂቃ፣ 420 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የጎንደር–አዲስ አበባ በረራ ደግሞ 59 ደቂቃ ይወስዳል። አዲስ አበባ ከጎንደር ይልቅ ከላሊበላ በ85 በመቶ የራቀች ስትሆን፣ የበረራው ጊዜ የሚጨምረው ግን በ40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ቀመሩ የሚሠራበት ወሰን እንዳለው ማስታወስ ያስፈልጋል። ለመውጣትና ለመውረድ ብቻ 131 ኪሎ ሜትር ስለሚያስፈልግ፣ ከዚህ ባነሰ ርቀት ላይ አውሮፕላኑ ወደተገመተው ከፍታ ሊደርስ አይችልም። ለምሳሌ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያለው ቀጥታ ርቀት 103 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለው መስመር ላይ አውሮፕላኑ ዝቅ ባለ ከፍታ ይበራል፤ ለስሌቱም የተለየ ግምት መውሰድ ያስፈልጋል።

ከፍታ፣ ሙቀትና ነፋስ

የደጋ አውሮፕላን ማረፊያዎች በቆላና በባሕር ዳርቻ ካሉት የሚለዩት በአየሩ ስስነት ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚጠበቀው የሙቀት መጠን በመደበኛው የከባቢ አየር ሞዴል መሠረት 2 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ላይ ካለው መደበኛ እፍጋት ወደ 76 በመቶ ይወርዳል። ክንፉ አውሮፕላኑን ለማንሣት የሚያስፈልገውን ያህል አየር እንዲያገኝ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ በ15 በመቶ የበለጠ ፍጥነት መንደርደር አለበት። ለመንደርደሪያ የሚያስፈልገው ርዝመት ከፍጥነቱ ዳግም ጋር ስለሚያድግ፣ የሞተሩ ጉልበት ባይቀንስ እንኳ በ32 በመቶ ይጨምራል። ሞተሩም በስስ አየር ውስጥ ጉልበቱ ስለሚቀንስ እውነተኛው ጭማሪ ከዚህ ይበልጣል። ማኮብኮቢያው ለዚህ ካልበቃ አውሮፕላኑ ጭነት መቀነስ ወይም ቀዝቃዛውን የማለዳ ሰዓት መምረጥ ይኖርበታል።

ተራሮችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት በተራራማ አካባቢ በመሣሪያ የሚበር አውሮፕላን፣ ከሚገኝበት ቦታ በ8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካለው ከፍተኛ መሰናክል ቢያንስ 600 ሜትር በላይ መሆን አለበት። ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በስተሰሜን ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከጎንደር የሚመጣ አውሮፕላን በዚህ ተራራ አናት ላይ አያልፍም። ሆኖም ደመና ሲወርድና ማረፍ ሳይቻል ቀርቶ እንደገና መነሣት ሲያስፈልግ የሚያዘው አቅጣጫና ከፍታ ተራራውን ግምት ውስጥ ያስገባ መሆን አለበት። በክረምት ወራት ለማረፍ ዝግጅት የተሰጠው 5 ደቂቃ በቀላሉ ሊረዝም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነፋስ ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ያነሰ ተጽዕኖ አለው። በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ከፊት ለፊት ቢነፍስ፣ ከላይ በተገለጸው ስሌት በአየር ላይ የሚቆይበትን ጊዜ በ2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ያራዝማል። ከኋላ ቢነፍስ ደግሞ በ2 ደቂቃ ገደማ ያሳጥራል። ሁለቱ እኩል አለመሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ አውሮፕላኑ በተቃራኒው ነፋስ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ፣ በደርሶ መልስ ጉዞ ነፋስ ሁልጊዜ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይቆጥብም።

ከበር እስከ በር

እስካሁን የተመለከትነው የአውሮፕላኑን ጉዞ ነው። የተጓዡ ጉዞ ግን ከአውሮፕላን መቆሚያው አይጀምርም፤ እዚያም አያበቃም። ሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያዎች ከከተሞቻቸው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። በላሊበላ ይህ የሆነበትን ምክንያት ከመልክዓ ምድሩ መረዳት ይቻላል። ከተማዋ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተራራ ጎን የተቀመጠች ስትሆን፣ ለማኮብኮቢያ የሚሆን ደልዳላ መሬት የተገኘው ከእሷ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው።

ለጎንደር ከተማ–ኤርፖርት ጉዞ 30 ደቂቃ፣ ለፍተሻና ለመሳፈሪያ 90 ደቂቃ፣ ለበረራው 36 ደቂቃ፣ ለሻንጣ 20 ደቂቃ፣ ወደ ላሊበላ ከተማ ለሚደረገው ዳገታማ ጉዞ 40 ደቂቃ ቢመደብ፣ ጠቅላላው 216 ደቂቃ ወይም 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል። በረራው ራሱ የዚህ አንድ ስድስተኛ ነው። 360 ኪሎ ሜትር የሆነውን መንገድ በሰዓት በአማካይ በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚጓዝ መኪና 8 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ የበረራውን 36 ደቂቃ ከመኪናው 8 ሰዓት ጋር የሚያነጻጽር ጥናት አውሮፕላን 13 እጥፍ ይፈጥናል ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል፤ ከበር እስከ በር ሲለካ ግን ብልጫው ከ2 እጥፍ ጥቂት የዘለለ ነው።

መስመሩና ድግግሞሹ

ከላይ ያለው ስሌት ቀጥታ በረራ እንዳለ ይወስዳል። ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን ተጓዡ በአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል መዞር ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ የአየር ርቀቱ ከ179 ወደ 752 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከ4 እጥፍ በላይ ያድጋል። የሁለቱ በረራዎች ጊዜ በቀመሩ መሠረት 110 ደቂቃ ይሆናል። በቦሌ የሚኖረው ቆይታ 2 ሰዓት ብቻ ነው ቢባል እንኳ፣ ከበር እስከ በር ያለው ጉዞ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይደርሳል። አውሮፕላን ከመኪና ጋር ሲነጻጸር የነበረው የ4 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ብልጫ ወደ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይወርዳል። የማኮብኮቢያዎቹ ቦታ አልተለወጠም፤ በመካከላቸው ያለው ቀጥታ ርቀትም ያው 179 ኪሎ ሜትር ነው። የተለወጠው የመስመሩ አወቃቀር ብቻ ነው።

የበረራ ድግግሞሽ የሚያመጣው ልዩነት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። መጓዝ የሚፈልግበት ሰዓት አስቀድሞ የማይታወቅ ሰው ቀጣዩን በረራ ለመጠበቅ የሚያጠፋው አማካይ ጊዜ በሁለት በረራዎች መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ነው። በየቀኑ አንድ በረራ ካለ አማካዩ ጥበቃ 12 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት በእኩል ርቀት የተመደቡ ሦስት በረራዎች ብቻ ካሉ ደግሞ 28 ሰዓት ይሆናል። ጉዞውን ከወር በፊት ለሚያቅድ ጎብኚ ይህ ቁጥር ትርጉም ላይኖረው ይችላል። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ላለበት ሕመምተኛ፣ በአስቸኳይ ለሚፈለግ መድኃኒት ወይም የመኪናው መንገድ አስተማማኝ ባልሆነበት ወቅት ለሚጓዝ ሰው ግን ከሁሉም ቁጥሮች የሚበልጠው ይህ ነው። የ36 ደቂቃው በረራ የሚደርስለት ከአንድ ቀን በኋላ ከሆነ፣ የ8 ሰዓቱ መኪና ቀድሞት ይገባል።

የማኮብኮቢያ መብራትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሌሊት መብራት የሌለው አውሮፕላን ማረፊያ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ አያስተናግድም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በደመና ምክንያት 1 ሰዓት የዘገየ በረራ ወደ ማግስቱ ሊተላለፍ ይችላል፤ የ1 ሰዓት መዘግየትም የአንድ ቀን መዘግየት ይሆናል ማለት ነው።

ለጥናት ያለው አንድምታ

ከዚህ ምሳሌ ለተመራማሪዎች የሚጠቅሙ አራት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል።

በመጀመሪያ፣ ቀጥታ ርቀት ለታለመለት ዓላማ ሊውል ይገባል። የነዳጅ ግምትን ለመጀመር፣ የአየር ቀጠናን ለማቀድ ወይም የድምፅ ብክለትን ለማጥናት ርቀት ተገቢ መለኪያ ነው። ተደራሽነትን ለመለካት ግን የመነሻ መረጃ ከመሆን አያልፍም።

ሁለተኛ፣ የአጭር በረራን ጊዜ ለመገመት ቋሚ ጊዜንና ከርቀት ጋር የሚያድግ ጊዜን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። ቋሚው ክፍል በጎንደር–ላሊበላ መስመር ከጠቅላላው የበረራ ጊዜ ከግማሽ በላይ ነው። ርቀትን ብቻ ለፍጥነት የሚያካፍል ሞዴል ስሕተቱ ከፍተኛ የሚሆነው እርስ በርስ በሚቀራረቡ አውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ በሞዴሉ ውስጥ ትንንሽ ከተሞች ከእውነታው ይበልጥ የተቀራረቡ መስለው ይታያሉ።

ሦስተኛ፣ የመኪናና የአየር ጉዞ ሲነጻጸሩ ሁለቱም ከበር እስከ በር መለካት አለባቸው። የመንገድ ርቀትን ከቀጥታ ርቀት በምጣኔ ለመገመት ግድ ከሆነም፣ ምጣኔው ከአካባቢው መልክዓ ምድር የተወሰደ መሆን ይኖርበታል።

አራተኛ፣ የበረራ ድግግሞሽ በተደራሽነት መለኪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ተለዋዋጭ ሆኖ መግባት አለበት። በካርታ ላይ የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ከተማ ሁሉ የአየር አገልግሎት እንዳለው አድርጎ የሚቆጥር ጥናት፣ በየቀኑ የሚበረርለትንና በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚበረርለትን ከተማ በአንድ ዓይን ያያል። የሳምንቱን የበረራ ብዛትና የሚደረግበትን ሰዓት መመዝገብ ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ በውጤቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ከፍተኛ ነው።

ማጠቃለያ

በጎንደርና በላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት 179 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም በአስተማማኝ ሁኔታ ሊሰላ የሚችል ቁጥር ነው። ይህ አንድ ቁጥር ግን እንደ ጥያቄው ዓይነት 17 ደቂቃ፣ 36 ደቂቃ፣ 3 ሰዓት ተኩል፣ 7 ሰዓት ገደማ ወይም ከአንድ ቀን በላይ የሆነ ጊዜን ሊወክል ይችላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሚመጣው ከአየሩ ጉዞ ቋሚ ክፍሎች፣ ከመሬት ላይ ጉዞ፣ ከመስመሩ አወቃቀርና ከበረራው ድግግሞሽ ነው። የትኛው ጊዜ ለጥናቱ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የወሰነ ተመራማሪ ለእሱ የሚስማማውን መረጃ መሰብሰብ ይችላል። ይህን ሳይወስን ኪሎ ሜትርን በጊዜ ፋንታ የተጠቀመ ግን በካርታ ላይ ቅርብ ለሚመስሉ፣ በአገልግሎት ግን ሩቅ ለሆኑ ከተሞች የሚገባቸውን ትኩረት ሳይሰጥ ያልፋል።